ዳቦው ያረረ ዕለት

ልጅ ሳለሁ መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። እናቴ «ይችን ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የወለድኋት?» ትል ነበር፤ የሰፈሩ ሰውም ሲጠራኝ በስሜ ሳይሆን «ያች ቅብዝብዝ» እያለ ነው። እውነታቸውን ነው። አዲስ ጫማ ሲገዛልኝ ማሰሪያው ሳይታሰር እሮጣለሁ፤ እንቁላል ሲጠበስ ሳይረጋ ጣቴን እከታለሁ። ዛሬም የልጅ እናት ሆኜ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። ባሌ «ቁጭ በይ እንጂ፣ አንቺን የሚያባርርሽ ማን ነው?» ይለኛል። ማን እንደሚያባርረኝ እኔስ መቼ አወቅሁ!

ያኔ እኔን አንድ ቦታ ማስቀመጥ የቻሉት አያቴ ብቻ ነበሩ፤ የእናቴ አባት፣ ልብስ ሰፊው አባባ ሰይድ። ወረታ ውስጥ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ፈቀቅ ብሎ፣ ከቤታችን የተያያዘች አንዲት የስፌት ክፍል ነበረቻቸው። ቀን ይሰፋሉ። ማታ መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ የከሰል ምድጃውን ወደ ደጃፉ ያስጠጉና ሳንዱች ይሠራሉ። በዚያን ጊዜ በእኛ ሰፈር ሳንዱች በየቤቱ የሚሠራ ነገር አልነበረም። እሳቸው ግን በጎልማሳነታቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተቀምጠው ሲሰፉ ኖረዋልና፣ ተጭኖ የሚጠበሰውን ዳቦ እዚያ ቀምሰው ጣዕሙ ምላሳቸው ላይ ቀርቷል። መጥበሻ ማሽኑን ከየት ያምጡት? ካውያ አላቸው፤ በካውያ ጀመሩት።

አዎ፣ በካውያ! ያ ፍም የሚጎርሰው የድሮው ካውያ። ካሏቸው ሁለት ካውያዎች አንደኛው ሆዱ ተጭሮ ልብስ መቅደድ ስለጀመረ ከሥራ ተሰናብቶ ነበር፤ አባባ በአመድና በሎሚ ፈትገው አጸዱትና ለዳቦ ቀጠሩት። ከዳቦ ቤት የመጣውን ሞላላ ዳቦ ወገቡ ላይ ይሰነጥቁታል። የተቀቀለ ድንች አድቅቀው በቃሪያና በሽንኩርት ያሹታል፤ እንቁላል የተገኘ ቀን እንቁላል መትተው ይጨምሩበታል። ከዚያ ዳቦውን ይሞሉና ውጭውን ቅቤ ቀብተው መጥበሻ ላይ ያስተኙታል፤ መጥበሻው ከሰሉ ላይ፣ ካውያው ደግሞ ከላይ። ቅቤው ችስስ ሲል፣ የቃሪያው ሽታ ከፍሙ ሙቀት ጋር ፊቴን ሲመታው፣ ምራቄን እየዋጥሁ እጠብቃለሁ።

ችግሩ፣ ካውያው አንዴ ከተጫነ ዳቦው አይታይም። ቶሎ ካነሱት ገርጥቶ ይወጣል፤ ከዘገዩ ያርራል። ሰዓት ያዩ ነበር እንዳትሉኝ። አባባ የሚለኩት በተረት ነው። ካውያውን ሲጭኑ ተረቱን ይጀምራሉ፤ ድንች ብቻ ከሆነ አጭር ተረት፣ እንቁላል ካለበት ረዘም ያለ፣ ዳቦው ያደረ ከሆነም የዝንጀሮና የቀበሮ ሙግት። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ካውያው ይነሳል፤ ዳቦውም ጠርዙ ቀላ ብሎ፣ ጀርባው ጠፍጠፍ ብሎ፣ ቁጭ! ስተው አያውቁም።

እኔ ደግሞ መቼ እችላለሁ! «አባባ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሏት እንጂ፤ ጅቡ ገባ? ከዚያስ?» እላለሁ፣ አንድ እግሬን አንስቼ አንዱን እየጣልሁ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል ቀና እንኳ ሳይሉ። «ተረቱን ባሳጥረው እንቁላሉን ጥሬውን ትጠጭዋለሽ።» አፈር ስሆን ይጨርሱልኝ ብዬ ብለምናቸውም አንዲት ቃል አይዘሉም። እኔም ሳላውቀው ተቀምጬ እገኛለሁ።

አንድ ክረምት ነው። እናቴ አባባ የሰፏቸውን የልጆች ልብሶች ጠቅልላ በጠዋት ከርብ ወንዝ ማዶ ይፋግ ገበያ ሄደች። አባቴ ያን ጊዜ መተማ ነበር የሚሠራው፤ ቤት የቀረነው እኔና አባባ ነን። እናቴ ከይፋግ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነበር የምትመለሰው። ያን ዕለት ግን ቀትር ሲያልፍ ሰማዩ ተቀደደ። አባባ ስፌታቸውን አቁመው ወደ ሰሜን በኩል ያያሉ፣ ደግሞ ይሰፋሉ፣ ደግሞ ያቆማሉ። አመሻሹ ላይ አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ በዝናቡ እየሮጠ ሲያልፍ «ርብ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ወጥቷል! ከወዲያ የሚመጣ መኪና የለም፤ ባጃጅም ወስዷል አሉ!» ብሎ ጮኸ። አባባ የእጅ ስልካቸውን አንስተው ለእናቴ ደወሉ፤ አይሠራም። ደግመው ሞከሩ፤ ያው ነው።

እስከ መንገዱ እሮጣለሁ፣ በስብሼ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። «እናቴ መጣች?» ብዬ የምጠይቀው የለኝም፤ ቢሆንም ዝናቡን እጠይቃለሁ። አባባ ሰግደው ሲያበቁ «ነይ ግቢ» አሉኝ። «እናትሽ ርቧት ነው የምትመጣ። ሳንዱች እንሥራላት።» ከሰሉን አያያዙ፤ ዳቦውን ሞሉ፤ ካውያውን ጫኑ።

«አንዲት የፎገራ ላም ነበረች» ብለው ጀመሩ። «ጥጃዋን ከወንዙ ወዲህ ትታ ለሣር ተሻገረች። እሷ ስትግጥ ወንዙ ሞላ። ጥጃዋ ከወዲህ እምቧ ትላለች፣ እሷም ከወዲያ እምቧ ትላለች።»

ላሟ ጉማሬን አሻግረኝ ብላ ለመነችው። ጉማሬው ጀርባዬን ስለሚበርደኝ መጀመሪያ ጋቢ አምጭልኝ አላት። ጋቢ ፍለጋ ዝንጀሮ ዘንድ ሄደች፤ ዝንጀሮዋ ቅማሌን ካልለቀምሽልኝ አለቻት። ለቅማ ስትመለስ፣ ኮቴዋ ውሃውን ሊነካ ሲል፣ ኤሊ ከኋላ ጠራቻት። የኤሊን ጉዳይ ጨርሳ ስትመጣ እንቁራሪት ደግሞ ለሽምግልና ያዘቻት። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ዕለት ግን ቆሜ አፋቸውን አያለሁ። ላሟ ወንዙ ዳር በደረሰች ቁጥር አንድ እንስሳ ይመጣል። አባባ ደግሞ የሚያዩት እኔን አይደለም፤ በሩን ነው።

«አባባ፣ አሁን ትግባ» አልሁ።

«ቆይ፣ ገና ጉማሬው… ጉማሬው ደግሞ ወንድም ነበረው…»

ከካውያው ሥር ጭስ ወጣ። መጀመሪያ ቀጠን ያለ ነበር፤ ከዚያ ጥቁሩ መጣ። የቅቤው ሽታ ወደ እርርታ ተለወጠ። እሳቸው ግን ስለ ጉማሬው ወንድም ይናገራሉ።

«አባባ ዳቦው! ኧረ ዳቦው አረረ!»

አልሰሙኝም። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ ተሟጠጠና እንደ እብድ ጮኽሁ፦ «ላሟ ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም?»

ዓይናቸውን ከበሩ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። «እንጃ ልጄ» አሉ። «እንጃ። እኔም ፈርቻለሁ» አሉኝ።

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ለልጅ እንዲህ አይልም። ቤቱ እየነደደም «ምንም አይደል፣ ተኝ» ነው የሚባል። እኔም ይህን ስሰማ መሬቱ የሚከዳኝ መስሎኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ እግሬ ረጋ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን የተሸከምሁት ፍርሃት ለካ የሁለታችን ኖሯል። ሄጄ አጠገባቸው፣ ትከሻዬ ክንዳቸውን እስኪነካ ድረስ ተጠግቼ ቁጭ አልሁ።

«እኔ ልጨርሰው?» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መቼም ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም። «ላሟ ጉማሬውን ተወችው። ውሃው ውስጥ ገባች። ዋኘች። ወጣች። ጥጃዋን ላሰቻት። አለቀ» አልሁ። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

አባባ ካውያውን አነሱት። ከሥሩ የወጣው ከሰል ነው! ሁለታችንም አየነው፣ ተያየን፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሲስቁ ቆይተው ሳቁ ልቅሶ ሆነ። እኔም አለቀስሁ። ከጥቁሩ ዳቦ ሆድ ድንቹን በማንኪያ እየጫርን በላነው፤ እርር ብሎ ይመራል።

እናቴ በማግሥቱ ረፋዱ ላይ መጣች። ይፋግ አንድ ዘመድ ቤት አድራ፣ ውሃው ጎደል ሲል ከሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ ተሻግራ ነው። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነች፤ ጥቅሏ ግን ጭንቅላቷ ላይ እንደ ደረቀ ነው። ከደጃፉ ሆና አሸተተችና «ምን ነደደ እዚህ ቤት?» አለች። አባባ «አልሃምዱሊላህ» ብለው አንድ ቃል ሳይጨምሩ ስፌት ክፍላቸው ገቡና ጨርቅ ሳያስገቡ የስፌት መኪናቸውን ይነዱት ጀመር። ብዙ ቆየ ያ ድምፅ።

ውሃው የወሰደው የባጃጅ ነጂ ግን አልተገኘም። እሱንም ቤቱ ሆነው የሚጠብቁት ነበሩ። በልጅነቴ ላሟን ያሻገርኋት እኔ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር፤ ትልቅ ስሆን ነው ዕድል እንደነበረ የገባኝ።

አባባ ካለፉ ቆይተዋል። እኔ አሁንም ወረታ ነኝ። ሳንዱቹን የምሠራው በኤሌክትሪክ ማሽን ነው፤ ዳቦውን አስገብቶ መክደን ብቻ፣ ሲደርስ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ተረት አያስፈልገውም። ብሞክርም አልችልበት፤ የአባባን ትዕግሥት አልወረስሁም።

ባሌ በጎንደር መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። በዚህ ዘመን መንገዱ ድንገት ይዘጋል፤ ኔትወርኩም ይጠፋል። ባለፈው አንድ ማታ ሳይመጣ ቀረ። እኔ ሳንዱቹን ከድኜ ከበር ወደ ምድጃ፣ ከምድጃ ወደ በር እላለሁ። ልጄ ጥግ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና «እማ፣ ፈርተሻል እንዴ?» አለችኝ።

«ምንም አይደል» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኋት። «አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልኋት።

«በጣም?»

«በጣም።»

«እኔም» አለችና መጥታ ጉያዬ ገባች። ተቀመጥሁ። ባሌ የመጣው ሲነጋ ነው፤ እኔን ቀለል ያለኝ ግን ከዚያ በፊት ነበር።