ለጎረቤቴ የመደብኩለት ፍጥነት

ፀዳ ሰፈር ላይ ቤት ስንሠራ መብራትና ውሃ እንጂ ኢንተርኔት ያስጨንቀናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። የፋይበር መስመር መጀመሪያ ያስገባው ከአጥሬ ወዲያ ያለው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አልለውም። ያችን አንዲት መስመር በየቤቱ ገመድ እየዘረጋ ለሰፈሩ ሁሉ ቸረቸራት። አመሻሽ ላይ ሁላችንም ስንከፍት ትንቀራፈፋለች። ለምን ስንለው «አየሩ ነው» ይለናል።

አንድ ቀን በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ አንድ መስመር ለዚህ ሁሉ ቤት እንደማይበቃና አየሩም ምንም እንዳላጠፋ ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እህቴ ለውጭ አገር ትምህርት ታጨች። የቀራት በቪዲዮ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። እኔ ጅሉ፣ ጎረቤት መከባበር አለበት ብዬ ጠዋት ሄጄ ነገርኩት። «አያ፣ ከሰዓት እህቴ ቃለ መጠይቅ አለባት፤ አደራዎን መስመሩ እንዳይነካብን።»

«ምነው፣ የኔስ ልጅ አይደለችም? ሸጋ ነው፣ አታስብ» ብሎ መረቃት።

ቃለ መጠይቁ ገና ሲጀመር ተቋረጠ። በአጥሩ ላይ ብቅ ስል፣ ወንበር ላይ ቆሞ የኛን ገመድ ከሳጥኑ ነቅሎ ይጠቀልላል። አየኝ፤ አልደነገጠም። የሞባይል ዳታ እኛ ሰፈር ያኔም አሁንም የለም እንደ ማለት ነው። እህቴ በባጃጅ ፒያሳ በርራ አንድ ካፌ ገብታ ስትከፍት ጠያቂዎቹ ወጥተው ነበር። ዕድሉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሷ አሁን አዘዞ ሱቅ ተቀጥራ ትሸጣለች። ሰውን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ እሱን ባዶ ማስቀረት ሆነ። ቤት ለቤት ዞርኩ። ዕድሩ ድንኳንና ድስት በጋራ ከገዛ፣ ኢንተርኔትስ በጋራ ቢያስገባ ምን ይለዋል አልኳቸው። ወደፊት አገሩ ሁሉ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ ቸርቻሪ ቀርቷል አልኩ። አምኜበትም ነበር፤ ያስሮጠኝ ግን እምነቴ አይደለም። ተስማሙ። መሣሪያው እኔ ቤት ተተከለ፣ የየቤቱን ፍጥነት የምመድበውም እኔ ሆንኩ። ሰፈርተኛው አንድ በአንድ ከሱ ሳጥን ሲነቀል በረንዳዬ ላይ ሆኜ አየሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደንበኛ ሲያጣ የራሱንም መስመር ዘጋው።

ባለፈው ክረምት ሽማግሌ ላከብኝ። ልጁ ዓረብ አገር ወልዳ ኖሮ፣ የልጅ ልጁን በቪዲዮ ማየት ፈልጓል። ሽማግሌዎቹ ደም የፈሰሰ ይመስል «እሺ ካላልክ አንቀመጥም» ብለው በሬ ላይ ቆሙ። እሺ አልኩ። እህቴ ደስ አላት፤ እሷ ቂም አታውቅም። ተሳሳምን፣ በላን ጠጣን፣ ገመዱንም በገዛ እጄ ቀጠልኩለት።

የመደብኩለት ፍጥነት ግን ድምፅ ያሳልፋል እንጂ ምስል አያሳልፍም። እስካሁን አልነቃም። አመሻሽ ላይ ከአጥሩ ወዲያ «እስቲ ወደ ስልኩ አስጠጊው ልጄ፣ ፊቱ አይታየኝም» ሲል እሰማለሁ። እህቴ «ጋሼ፣ ትንሽ ብትጨምርላቸውስ?» ትለኛለች። መሣሪያው ከዚህ በላይ አይችልም እላታለሁ።

ሕፃኑ መዳህ ጀምሯል አሉ።