የጋሽ ቆጭቶ የድንጋይ ሽበት

የዚያን ቀን ጠዋት በድንበሩ ድንጋይ ዙሪያ የነበርነው እነዚህ ነን። ጡረታ የወጡት የሳይንስ አስተማሪ ጎረቤታችን ጋሽ ቆጭቶ፤ በታች በኩል የሚያዋስኗቸው ነጋዴ አቶ ደምሴ፤ እናቴ፤ ታላቅ እህቴ ብርቱካን፤ ከቀበሌ የመጡ ሦስት የኮሚቴ ሰዎች፣ ሰብሳቢው ሰማያዊ ጃኬት የለበሱ፤ በመጨረሻም እኔ፣ የአሥር ዓመት ልጅ፣ የሽቦ ብሩሽ በእጄ የያዝኩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ነበርን እያሉ የሚያወሩ አሉ፤ አልነበሩም።

ያስታወሰኝ የብሩሽ ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ውስጥ፣ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ፊት ለፊት፣ ሁለት ወጣቶች የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ ከመቀባታቸው በፊት በሽቦ ብሩሽ ይፈትጉ ነበር። ፍትግ፣ ፍትግ፣ ከዚያ ውሃ። እርጥብ ድንጋይ ሲፈተግ የሚያወጣው ሽታ በበሩ ገባ። ደንበኛዬ «አንተ ልጅ፣ የመታወቂያዬን ጀርባ ሁለት ጊዜ አነሳኸው እኮ!» እስኪለኝ ድረስ እዚያ አልነበርኩም።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከእኛ ግቢ ቀጥሎ የጋሽ ቆጭቶ ግቢ፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ የአቶ ደምሴ። ጋሽ ቆጭቶ ክረምት ከበጋ አንድ የዝናብ ካፖርት ይለብሳሉ። አንገታቸው ላይ በጫማ ክር የታሰረ አጉሊ መነጽር ይንጠለጠላል። ኪሳቸው ውስጥ ከደብተር ሽፋን የተቆረጠ፣ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ላስቲክ፣ አንድ ጥቁርና አንድ ቀይ ስክሪፕቶ አይጠፋም። ድንጋይ ባዩ ቁጥር ይንበረከካሉ። ሰው ሲያያቸው የወደቀባቸውን ነገር የሚፈልጉ ይመስለዋል። ብርቱካንና እኔ እንስቅባቸው ነበር። ምን እንደሚያዩ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ዛሬ የሚያንገበግበኝ አንዱ ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ!

በዚያ ክረምት ጋሽ ቆጭቶ ታመው ዋጫ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሁለት ወር ቆዩ። ሲመለሱ የድንበሩ ድንጋይ ስድስት እርምጃ ወደ እሳቸው ግቢ ገብቶ አገኙት። በእነዚያ ስድስት እርምጃዎች ውስጥ እናታቸው የተከሏቸው ስምንት የቡና ዛፎች አሉ። «የእናቴ ቡኖ» ነበር የሚሏቸው፤ ቡናን ሁልጊዜ በካፊኖኖ ቋንቋ ነው የሚጠሩት። አቶ ደምሴን ሲጠይቋቸው «ድንጋይ በእግሩ አይሄድም፣ መምህር። የነበረበት ነው ያለው» አሏቸው። ጋሽ ቆጭቶ አልተጣሉም። ተንበረከኩና በድንጋዩ ሥር ያለውን አፈር በጣታቸው ጫሩ። ከዚያ አንድ ላስቲክ አውጥተው ድንጋዩ ላይ ዘርግተው፣ ያዩትን በጥቁር ስክሪፕቶ ዙሪያውን ሳሉት። አፈሩ የሚደርስበትን ቦታ በቀይ አሰመሩ። በማግስቱ ቀበሌ አመለከቱ፤ ኮሚቴው ሐሙስ ሳይት እመጣለሁ አለ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ስለ ላስቲኩ ለማንም አልተናገሩም። ኮሚቴው በዓይኑ አይቶ እንዲፈርድ ፈልገው ነበር።

ሐሙስ ማለዳ እናቴ ቀሰቀሰችን። «ሽማግሌ ሲመጣ ቦታ ቆሽሾ አይጠብቅም። ጋሽ ቆጭቶ ብቻቸውን ናቸው፤ ተነሱ» አለችን። በእኛ ሰፈር ወግ ነው፤ ዳኛ ሊቀመጥበት የታሰበ ቦታ ሣሩ ይታጨዳል፣ መንገዱ ይጠረጋል። እሷ ሣሩን፣ ብርቱካን መንገዱን ያዙ። ድንጋዩ ለእኔ ደረሰኝ። «አንተ ነህ ነገር የምታጣራው» አለችኝ እናቴ። ይህን ቃል በኩራት ነበር የሰማሁት።

ድንጋዩ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ነበር። በቤታችን የድንጋይ ሽበት እንለዋለን። በጨርቅ ሞከርኩ፣ አልለቀቀም። ባጃጅ የሚጠግነው አጎቴ ትቶት የሄደውን የሽቦ ብሩሽ አመጣሁ፤ አሸዋ ጨመርኩበት። ቀዳዳ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን በስለታም ጠጠር ፈለቀቅኩ። ዙሪያውን ያለውን አፈር ሁሉ ቆፍሬ፣ ከአፈር በታች ያለውንም ሳላስቀር አጠብኩ። ማንም ይህን ያህል ውረድ አላለኝም። እኔ ግን ግማሽ የተሠራ ነገር አልወድም።

ጋሽ ቆጭቶ ኮሚቴውን ከዋናው መንገድ ተቀብለው መጡ። ድንጋዩን ሲያዩ ቆሙ። አጉሊ መነጽራቸውን አነሱ፤ መልሰው ለቀቁት።

«እሺ መምህር፣ ኤቪደንስ አለኝ ብለው ነበር» አሉ ሰብሳቢው።

«ድንጋዩ ላይ ነበር።»

«ምን?»

«ሽበት። ከአፈር በታች ሽበት ነበረው። ከአፈር በታች ደግሞ አይበቅልም፤ ብርሃን ይፈልጋል። አሁን የተቀበረው ክፍል ድሮ ከአፈር በላይ በነበረበት ቦታ የበቀለ ነው፤ ድንጋዩ ከዚያ የተነሳው በቅርብ ነው።»

አቶ ደምሴ ሳቁ። «የታል ሽበቱ? ድንጋዩ ጎልማሳ ሆኗል እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ጎበዝ ልጅ፤ እንደ ሳህን አደረግከው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከተመሰገንኩባቸው ቃላት ሁሉ እንደዚህ የሚመረኝ የለም።

ጋሽ ቆጭቶ ላስቲኩን አውጥተው ለሰብሳቢው ሰጡ። ሰብሳቢው ወደ ሰማይ አንስተው አዩት፤ ገለበጡት። «መምህር፣ ላስቲክ ላይ ማንም ይስላል። ማህተም የለው፣ ፊርማ የለው። እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ይሄ ነገር በአንድ ክረምት ይብቀል በሃምሳ ዓመት እኛ በምን እናውቃለን?»

እናቴ ድንጋዩ ድሮ ከስምንቱ ቡናዎች በታች ካለው ጉቶ አጠገብ እንደነበር መሰከረች። አንድ ምስክር አይበቃም ተባለ። አቶ ደምሴ በበኩላቸው ለቀበሌው ሁለት ምስክር ከሌላ ከተማ፣ ከሺሺንዳ አምጥተው ቃል አሰጥተው ነበር፤ ከሺሺንዳ! ድንጋዩ ባለበት ይጽና ተብሎ ተጻፈ። ይግባኝ ካለ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ማስረጃ ይዘው ይምጡ ተባሉ። ብርቱካን አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ብሩሹን የት እንደምደብቅ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ጋሽ ቆጭቶ ጠሩኝ። እመታለሁ ብዬ ሄድኩ። በቤታቸው ጀርባ ከወንዝ የመጡ ሦስት ድንጋዮች ደርድረዋል። «ሰብሳቢው ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ» አሉኝ። «በስንት ጊዜ ነው የሚበቅለው? እኔም አላውቅም። ዘርተን እናያለን። ያዝልኝ ይሄን።» ስለ ብሩሹ ምንም አላሉም።

ያንን ነገር ያወቅሁት እንግዲህ ካጠፋሁት በኋላ ነው። ሽበት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከዛፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠል አለ፣ እንደ ቅጠል ተነስቶ በጥፍር የሚላቀቅም አለ። እሳቸው የያዙት ግን ቅርፊት የሚመስለውን ነው። ቅርፊቱ ሥርም ጀርባም የለውም፤ ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ የኖረ ስለሆነ ላንሳህ ያለው ሰው ድንጋዩን አብሮ ይሰብራል። ሲደርቅ ግራጫ ነው። ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት ወዲያው ወደ አረንጓዴ ያደላል። መሐሉ ላይ ከሰናፍጭ የሚያንሱ ጥቋቁር ነጠብጣቦች አሉት። የሚያድገው በጠርዙ ብቻ ነው። ሁለት ቅርፊቶች ሲገናኙ በመካከላቸው እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይቀራል፤ አንዱ የአንዱን አልፎ አይሄድም። ይህን በመነጽሩ ሲያሳዩኝ ወደ ታችኛው ግቢ በዓይናቸው ጠቆም አደረጉ።

«አንድ ፍጥረት እንዳይመስልህ፤ ሁለት ነው» አሉኝ። «አንዱ ሻጋታ ቢጤ ነው፤ ቤቱን ይሠራል። ሌላው አረንጓዴው ነው፤ ከፀሐይ ምግብ ያበስላል። ፀሐይ ከሌለ ወጥ የለም። ወጥ ከሌለ ቤቱ ይፈርሳል።»

ከሌላ ድንጋይ ላይ በምላጭ ትንሽ ፍቀን፣ በዝናብ ውሃ በጥብጠን ቀባን። አንድ መጽሔት ላይ ወተት ያስፈልገዋል የሚል አንብበው ስለነበር የመጀመሪያውን ድንጋይ በወተት ቀቡት፤ በሳምንቱ ሻገተ፣ ጉንዳን ወረረው። ሁለተኛውን ዝናብ አጠበው። ሦስተኛውን በሻሽ ሸፈንነው፤ ዶሮ ሻሹን ቦጨቀችው። እንደገና ቀባን። የቧንቧ ውሃ አይንካው፣ ለንፋስ በጣም አይጋለጥ፣ ከጠዋት ፀሐይ አይራቅ። በየወሩ ላስቲክ ዘርግተው ይስላሉ፤ የሚሳል ነገር ስለሌለ ባዶ ላስቲክ ላይ ወሩን ብቻ ይጽፋሉ።

አቶ ደምሴ በአጥር ላይ ብቅ ብለው «መምህር፣ ማስረጃ እየዘሩ ነው? መቼ ይደርሳል፣ ለመስቀል?» ይላሉ።

«አንተ ቡናውን ቶሎ ልቀም፤ የእኔ አዝመራ ቀስ ይላል» ይመልሳሉ ጋሽ ቆጭቶ።

ስድስቱ ወር አለፈ። የቀባነው ድንጋይ ባዶ ነበር። የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ ባዶ መሆኑ እኮ ትክክለኛው መልስ ነው! በአንድ ክረምት አይበቅልም ማለት ነው። ጋሽ ቆጭቶ ስድስቱን ባዶ ላስቲኮች ይዘው ቀበሌ ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። ፋይሉን የያዙት ሰው አገላብጠው «ምንም የለበትም» አሉ። «አዎ፤ ምንም የለበትም» አሉ ጋሽ ቆጭቶ። «ታዲያ ምን ይዘው መጡ?» ፋይሉ ተዘጋ።

እሳቸው ግን አላቆሙም። በአራተኛው ዓመት ሦስተኛው ድንጋይ ላይ በመነጽር ብቻ የሚታይ ግራጫ ነጥብ ወጣ። እኔ ያኔ ከፍ ወዳለ ክፍል አልፌ ስለነበር ሊያሳዩኝ ሲጠሩኝ «ነገ» አልኳቸው። በማግስቱም «ነገ» አልኩ። በመጨረሻ ሄጄ ካየሁት በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ስምንቱ የቡና ዛፎች አሁንም በታችኛው ግቢ ናቸው፤ የአቶ ደምሴ ልጅ ይለቅማቸዋል።

ልጃቸው ከዋጫ መጥታ የፔርሙዝ ካርቶን ሰጠችኝ። ውስጡ ላስቲኮቹ በየወራቸው ተደርድረዋል፤ ከእነሱ ጋር አንድ ደብተር አለ። ጋሽ ቆጭቶ ስም መጻፍ ይወዱ ነበር። ወተቱን የሰጠች እናቴ፣ ሻሹን ያመጣች ብርቱካን፣ ሻሹን የቦጨቀችው ዶሮ የማን እንደሆነች ሳይቀር ተጽፏል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን የዚያ ሐሙስ ነገር በአንድ መስመር አልፏል። «ድንጋዩ ታጥቦ አገኘሁት። ከባዶ መጀመር ነው።» የማንም ስም የለም።

ሦስተኛው ድንጋይ አሁን በእኛ ግቢ ነው፤ ከጠዋት ፀሐይ ፊት አስቀምጬዋለሁ። ቅርፊቱ የምስር ክክ ያህል ይሆናል። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ላስቲክ ዘርግቼ እስለዋለሁ። ዘንድሮ ያለፈውን ዓመት ላስቲክ በላዩ ላይ አድርጌ ባየው፣ ልዩነቱ ከስክሪፕቶው መስመር ውፍረት አልበለጠም። አደገ ልበል፣ እጄ ተንቀጥቅጦ ይሁን፣ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ጋሽ ቆጭቶ ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር? እናቴ «አይተውሃል፣ እንዴት አያዩህም?» ትላለች። ብርቱካን ደግሞ ኮሚቴው ሲደርስ ብሩሹን ከጀርባዬ ይዤው ነበር ትላለች። አቶ ደምሴ በዚያ ምስጋናቸው ወደ እኔ ሲዞሩ ጋሽ ቆጭቶ የት ያዩ ነበር? እኔ ድንጋዩን ነበር የማየው። ከእነዚያ ከሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች አንዳችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ወይም እርስዎ፣ አቶ ደምሴ፣ የሚያስታውሱት ካለ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው። በደብተሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከዚያች መስመር ቀጥሎ ለምትነግሩኝ ቦታ ትቻለሁ።