ለእህቴ የሰጠኋት ታይፎይድ

ሐኪም አይደለሁም። ግን ያለ ምርመራ በሽታ መስጠት እችልበታለሁ፤ ለእህቴ ታይፎይድ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ፣ ማንም ያልተናገረውን ትሰማለች። ሆስፒታል ወሰድኳት። የአእምሮ ሕመም ነው፣ ይታከማል አሉና በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሰጧት። እኔም ከሆስፒታሉ በር ሳልርቅ የራሴን ሕክምና ጀመርኩ፦ ለሰው ምን እንበል?

በእኛ ሰፈር የታመመ ሰው ይጠየቃል። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም፤ አጥሚትና ጥያቄ ይዞ ነው የሚመጣ። "ምን አገኛት?" ሲሉኝ "ታይፎይድ" አልኩ። እንዴት ያለ የተከበረ በሽታ መሰላችሁ፤ ዘር አያሰድብ፣ ባል አያሳጣ። ጎረቤታችን እማማ "ተመስገን፣ እኔ እኮ ሌላ ነገር መስሎኝ ነበር" ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። በብልጠቴ ኮራሁ።

ከወራት በኋላ እህቴ ተሻላት። መተኛት፣ መሳቅ፣ እኔን መስደብ ጀመረች። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምስር ሳምቡሳ መጥበስ ያዘች። ሽታው የሚገሰግስ መኪና ያስቆማል። የሰፈሩ ሰው ግን ሰላም ይላታል፣ ጤናዋን ይጠይቃል፣ ያልፋል። የተረፈውን ማታ ማታ እኔ እበላለሁ። ሱሪዬ አልዘጋ እስኪለኝ ድረስ ነገሩ አልገባኝም። እሷ ደግሞ "እንዲህ ከሆነ ተመልሼ ዓረብ አገር ነው የምሄድ" ማለት ጀምራለች፤ የታመመችበት አገር።

ባጃጅ የሚነዳውን ጎረቤቴን ያዝኩት።

"አንተ፣ ሳምቡሳ ትጠላለህ እንዴ?"

"ኧረ እወዳለሁ። ግን ታይፎይድ በምግብ ይተላለፋል አሉ። የእህትህ ደግሞ ስንት ወር ቆየባት። ልጆች አሉኝ ብዬ ነው እንጂ፣ አትቀየመኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይላል። እኔ ግን አዲስ መላ ይዤ እህቴ ዘንድ ሮጥኩ።

"ጨጓራ ነበር እንበላቸው። ጨጓራ አይተላለፍም።"

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ወደ መጥበሻዋ ዞረች።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኪኒኗን ከስኒዎቹ አጠገብ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ስትጠብስ እማማ ብቅ አሉ።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ታይፎይዱ ለቀቀሽ?"

"ታይፎይድ አልነበረም እማማ። የአእምሮ ሕመም ነው። ይኸው መድኃኒቴ፤ እየወሰድኩ ነው፣ ደህና ነኝ።"

እኔ ጠረጴዛ መወልወል ጀመርኩ። የተወለወለ ጠረጴዛ ነበር። እማማ ኪኒኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ ሳምቡሳውን አዩ።

"ይሄኛው አይተላለፍም?"

"አይተላለፍም።"

"እንግዲያ አንድ ስጪኝ። የምስር ነው አይደል? ጾም ነው ዛሬ።"

ተቀምጠው በሉ። ከመንገዱ ማዶ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ የሚያያቸው ጎረቤቴም ወርዶ መጣ። ሁሉም ገባ ብዬ አልዋሽም፤ ዛሬም በወዲያኛው ዳር የሚያልፍ አለ። ግን ሱሪዬ ተመልሶ እየተዘጋልኝ ነው።

የዚያን ቀን ስንዘጋ እህቴ ሽርጥ ወረወረችልኝ።

"ወንድምዓለም፣ ከነገ ጀምሮ ያንተ ሥራ ሰሃን ማጠብ ነው። ስለ በሽታዬ የሚጠይቅ ከመጣ ወደ እኔ ላከው።"