መርካቶ መሀል ባዶ ቤት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ከተማው ተረብሾ መርካቶ በሯን በዘጋችባቸው ቀናት ነው። አሥር ዓመት አልፎታል። የማልረሳው ግን በፖለቲካው አይደለም፤ ፖለቲካውን የሚያውቁት ይጻፉት። የማልረሳው በዚህ ሁሉ ገበያ መሀል ተቀምጬ ለልጄ የማጠጣት አንድ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ስላጣሁ ነው። ዛሬ የሰፈሩ ሰው "አከማቺዋ" እያለ እንደሚያማኝ አውቃለሁ። ይማኝ። ግን አስቀድሞ ይህንን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ሥራዬ በርበሬ ነው። በርበሬ በረንዳ ከእናቴ የወረስኩት ቦታ አለኝ። ባለቤቴ ወልዴ ማረቆና አላባ እየወረደ ዛላውን ይገዛል፣ እኔ እዚህ አከፋፍላለሁ። የምንኖረው ከጎጃም በረንዳ ጀርባ፣ አምስት አባወራ በተከራየው ግቢ ውስጥ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ነው።

መርካቶ ያደገ ሰው ቤቱ ውስጥ ነገር አያስቀምጥም። ለምን ያስቀምጣል? ከበሩ ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ሲራመድ ሁሉም አለ። ስኳር ካማረን ሩብ ኪሎ፣ ላምባ ካለቀብን አንድ ጠርሙስ። ደግሞ እኛ ነጋዴዎች የቤት ዕቃ እንኳ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ይከነክነናል፤ ሁሉም ነገር መዞር አለበት።

እኔ በዚህ የባስኩ ነበርኩ። ረብሻው ሊነሳ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አዲሱ እህል ገና አልገባምና ጤፍ ጨመረ። ቤት ውስጥ ወልዴ ለዓመት ቀለብ ብሎ ያስገባው አንድ ኩንታል ነበረን። አንዲት እንጀራ ሻጭ "እህቴ፣ በጨመረው ልውሰድልሽ" ስትለኝ ሁለቴ አላሰብኩም። ከወር በኋላ ሲረክስ መልሼ እገዛዋለሁ ብዬ ሸጥኩላት። የልጄን ቀለብ ሸጬ ቀኑን ሙሉ ስኮራ ዋልኩ።

በግቢያችን እንደኛ ያልሆኑ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። እትዬ አስካለ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስልሳን ያለፉ፣ አሮጌ ጆንያ እየሰፉ የሚሸጡ የእዣ ጉራጌ ናቸው። አንዷ ክፍላቸው ውስጥ ሁለት በርሜል ውሃ፣ ከሰል፣ በሶ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ምኑ ቅጡ። መተኛ ቦታቸው ከዕቃው የተረፈው ነው። የግቢው ሰው "መጋዘኗ" ይላቸው ነበር። ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ሁለት መንግሥት ሲወድቅ አይቻለሁ። አንዱም ሲወድቅ ዱቄት አላደለኝም።"

እንስቃለን።

በዚያ ዓመት ለመስቀል አገር ቤት ሄደው ሲመለሱ ብዙ ቆጮ ይዘው መጡ። የግቢያችን ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የእንሰት ቅጠል አንጥፈው ቀበሩት። እንዲህ ከተቀበረ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆያል። እኔም የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ ቆጮ ከክትፎ ጋር ሆቴል ቤት ሲቀርብልኝ እወዳለሁ። ደጄ ላይ ሲሸተኝ ግን እንግዳ መጥቶ ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። የግቢውን ሰው ያሳደምኩት እኔ ነኝ። አከራያችን ጋ የሄድኩትም እኔ ነኝ። አከራዩ ጉድጓዱን አስደፈኑት። እትዬ አስካለ ቆጮአቸውን አውጥተው፣ ከአልጋቸው ሥር ቦታ ፈለጉለት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዘቀዘ።

ረብሻው ሲነሳ በርበሬ በረንዳ ነበርኩ። የሱቆች የብረት በር አንድ በአንድ ሲዘጋ ድምፁ ይሰማል፤ ከዚያ ተኩስ ተከተለ። መጋዘኔን ቆልፌ፣ ነጠላዬን ጥዬ ሮጥኩ። ወልዴ በርበሬ ሊገዛ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነበር። ስልክ አይሠራም። ልጄ ቤዛ ያኔ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ ከጎረቤት ተቀብዬ ቤቴን ዘጋሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ነገ ይከፈታል እያልን አሳለፍነው። በሁለተኛው ቀን ቧንቧው ደረቀ፣ መብራትም ሄደ። ያን ጊዜ ነው ቤቴን ዞሬ ያየሁት። ጭብጥ የማይሞላ ምስር፣ ትንሽ ዘይት፣ የደረቀ ዳቦ። በርበሬ ግን ሞልቷል። መጋዘኔ ውስጥ ደግሞ ሰባት ኩንታል ዛላ አለ። ዘንቢል ይዤ እስከ ግቢው በር ደርሼ ተመለስኩ፤ ዕድሜ ልኬን ክፍት ያየሁት መንገድ ጭር ብሏል።

ያለችውን ዳቦ ለቤዛ ሰጠሁ። ጄሪካኑ ሥር የቀረ ውሃ ነበር፤ ስንት ቀን እንደቆየ አላውቅም። የማፈላበት ላምባ የለኝም። ጠማት፣ አለቀሰች፣ እንደዚያው አጠጣኋት። 

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ያስቀምጣትና ያስመልሳት ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ዐይኗ ጎድጉዷል። ጡቴን ሰጠኋት፤ እኔም እህል ከቀመስኩ ስለቆየሁ ደርቋል። የባሰው ግን ለቅሶዋ ነው። ታለቅሳለች፣ እንባ አይወጣትም።

አዝያት ወጣሁ። አብነት አካባቢ የማውቀው ክሊኒክ ነበር። ገና ከመታጠፊያው ሳልደርስ አንድ መሣሪያ የያዘ ልጅ እግር ወታደር አስቆመኝ።

"ተመለሺ!"

"ልጄ እየሞተችብኝ ነው።"

"ተመለሺ ነው የምልሽ! ክሊኒኩም ዝግ ነው።"

ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱም ፈርቷል መሰለኝ። ሰዎች "እሱስ ምን ያድርግ፣ ታዞ ነው" ይሉኛል። ይሁን፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም።

ግቢ ስመለስ የእትዬ አስካለ በር ከሁሉም ይቀርበኝ ነበር። አልፌው ሄድኩ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እየደከመች እንኳ ኩራቴ አልለቀቀኝም። ሦስት ቤት አንኳኳሁ። ሦስቱም ባዶ ጄሪካን አሳዩኝ። አንዷ "እኛም እንዳንቺው ነን እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁላችንም መርካቶን ተማምነን የተቀመጥን ነን።

ከዚያ ሄጄ አንኳኳሁ።

"እትዬ አስካለ፣ ልጄ... ውሃ ካለዎት..."

እኔን አላዩኝም። የቤዛን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው አዩት።

"ስንት ጊዜ አስቀመጣት?"

"ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ጊዜ ይሆናል።"

"ታዲያ በር ላይ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ!"

ከሰል አቀጣጠሉ። ውሃውን አፈሉ፣ አቀዘቀዙ። በአንድ ሊትር ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለክተው በጠበጡ። ይህንን እኔም ጤና ጣቢያ ተምሬዋለሁ። ማወቁ ምን ያደርጋል፣ ውሃውም ስኳሩም ከሰሉም እሳቸው ቤት ነው ያለው።

"በማንኪያ ስጫት። ቶሎ ቶሎ እንዳይሆን። ካስመለሳት ትንሽ ጠብቀሽ እንደገና።"

በማንኪያ ሰጠኋት። አስመለሳት፤ ጠብቄ እንደገና ሰጠኋት። ስንት ማንኪያ እንደሆነ አላህም እግዚአብሔርም ይወቀው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭኔ ላይ ሞቅ ያለኝ ነገር ተሰማኝ። ቤዛ ሸናች። ሰው በሽንት ደስ ብሎት ያለቅሳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አለቀስኩ።

እትዬ አስካለ ቆጮ ጋግረው በጨው አቀረቡልኝ።

"ብዪ። ጡትሽ እንዲመለስ።"

ያ ደጄ ላይ ሸተተኝ ብዬ ያስወጣሁት ቆጮ ነው። ስለ ጉድጓዱ አንድ ቃል አላነሱብኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መቻል ሲያቅተኝ "ስለ ጉድጓዱ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ይህ ነገር ሲያልፍ አካፋ ይዘሽ ነይ።"

በቀጣዮቹ ቀናት ግቢው በሙሉ ከዚያ ክፍል በላ፣ ጠጣ። "መጋዘኗ" ያላቸው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። እሳቸው በጣሳ ይለካሉ፤ ትንሽ ልጅ ያለው ይቀድማል፣ ጎልማሳ ይጠብቃል። የተከራከራቸው የለም።

ገበያው ሲከፈት ወደ በርበሬ በረንዳ አልሄድኩም። አካፋ ገዛሁና ጉድጓዱን ቆፈርኩ። አከራያችን ድምፁን ሰምተው መጡ።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ ይደፈን ያልሽው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ሽታውስ?"

"ከሸተተዎት አፍንጫዎን ይያዙ።"

ሰው ፊት ለአከራይ እንዲህ መናገር ምን እንደሚያስከትል አላጣሁትም። ዕቃዬን አስወጥተው ቢጥሉት ኖሮ እንኳ መቆፈሬን አላቆምም ነበር። አዩኝ፣ አዩኝና ጥለውኝ ሄዱ።

ወልዴ ሲመለስ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፣ ጤፉን መሸጤንም ጭምር። ቤዛን አቅፎ "ዋናው ደህና መሆናችሁ ነው" አለኝ። ለእኔ ግን ይህ አልበቃኝም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆንኩ።

በመጀመሪያ አንድ የፕላስቲክ በርሜል ገዛሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ከዚያ ምስር፣ አተር፣ በሶ፣ ከሰል፣ ሻማ፣ ባትሪ፣ ጨው፣ ስኳር፣ የቁስል መድኃኒት። ውሃውን በየሳምንቱ እቀይረዋለሁ፤ እህሉን የቆየውን እያወጣሁ እንበላለን፣ በምትኩ አዲስ አስገባለሁ። ዋጋ ቢጨምር አልሸጥም፤ ወርቅ ቢሆን አልሸጥም። ሳሎናችን ጠበበ። ወልዴ "ሴትዮ፣ መርከቡን መቼ ነው የምትጀምሪው?" እያለ ይቀልዳል። ዘመዶቼ ደግሞ በድንጋጤው ነው፣ ጠበል ይዘናት እንሂድ እስከማለት ደረሱ። ጠበሉን በጄሪካን አምጡልኝ፣ እሱንም አስቀምጠዋለሁ አልኳቸው።

ስኳርና ዘይት በወረፋ የሆነበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ነጋዴ ሁሉ ደብቋል እየተባለ ሲፈተሽ አንድ ሰው ጠቆመኝ። ሁለት ፈታሾች መጥተው ቤቴን አዩና ዐይናቸው ፈጠጠ።

"እመቤት፣ ይኼ ሁሉ ለማን ሊሸጥ ነው?"

"የሚሸጥ አይደለም። የቤቴ ነው።"

"ሰው ወረፋ ቆሞ እየዋለ ሃምሳ ኪሎ ስኳር ለቤት?"

"እኔም እየተሰለፍኩ ነው በዓመት ያጠራቀምኩት። ሱቄ በርበሬ በረንዳ ነው፤ ሄዳችሁ እዩ፣ አንዲት ማንኪያ ስኳር ካገኛችሁ እሰሩኝ። ይኼ ግን የልጄ ነው።"

አንደኛው ወረቀት አውጥቶ በሕገወጥ ክምችት መያዜን አምኜ እንድፈርም ጠየቀኝ። አልፈርምም አልኩ። አስፈራራኝ። ወንበር አምጥቼ በርሜሎቹ ፊት ተቀመጥኩ። ስኳሩን ወሰዱ፣ ሌላውን ተዉልኝ። በሳምንቱ አንድ ኪሎ ገዝቼ እንደገና ጀመርኩ።

እትዬ አስካለ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ቤዛ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በትምህርትም በምላስም የሚያህላት የለም። ባለፈው እሑድ ጓደኞቿን ይዛ መጥታ ጄሪካኖቼን ጮክ ብለው እየቆጠሩ ሲንከተከቱ ሰማኋቸው። ስገባ ደንገጥ አሉ።

"እማዬ፣ ግን እውነቱን ንገሪን፣ ምን ይመጣል ብለሽ ነው?" አለችኝ።

"እኔ እንጃ።"

እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ምናልባት ምንም አይመጣም። ምንም ካልመጣ እሰየው፤ ምስሩን እንበላዋለን። ግን ለሁለተኛ ጊዜ እንባ የማይወጣው ልጅ አዝዬ የሰው በር ላይ አልቆምም። ፈሪ በሉኝ፣ እብድ በሉኝ፣ ይህንን ከእኔ የሚነጥቀኝ ሰው አልተፈጠረም።

በግቢያችን ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ነፍስ አለ። አከማቺዋ የሚለውን ስም ያወጡልኝም፣ ለፍተሻ የጠቆመኝም እዚሁ ናቸው፤ ጠቋሚው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ውሃውን ስሞላ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው አስልቼ ነው የምሞላው። እሱንም ቆጥሬዋለሁ።