ባንዲራ የነቀለችው አርናሉክ

አርናሉክ የሁለት አገር ባንዲራ ሰርቃ የውስጥ ልብስ አሰፋችበት ይባላል። ነጭ መስቀል ያለበትን ለራሷ፣ ቅጠል ያለበትን ለእህቷ። ይህን የሚያወራ ሰው ልብሱን በዓይንህ አይተሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ያፍራል እንጂ ወሬውን አይተውም። በአውዩይቱክ መንደር ያለነው መቶ ሠላሳ ነን፤ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ሱቁ አንድ ነው። ወሬ ባይኖር በምን እንሞቅ ነበር?

ትንሽ የተማረ የሚባለው ወገን ደግሞ ጠለቅ ያለ ምክንያት ያመጣል። “ድሮ መንግሥት እናቷን ከደቡብ በመርከብ ጭኖ እዚህ የተከላት ‘አገሬ ሰው ይኖርበታል’ ለማለት ነበር። ልጅቱ ደግሞ የመንግሥትን ባንዲራ ነቅላ ብድሯን መለሰች” ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን ውሸት ነው። መንቀሉን ነቅላለች፣ ያውም ሁለቱንም፣ ያውም ከነዘንጋቸው። ቂም ግን አልነበረባትም። ቸኩላ ነበር።

አርናሉክ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። የመንደሩ ሚሊሻ ናት፤ ቀይ ሹራብና አንድ ጠመንጃ ተሰጥቷታል፣ ወታደር ሲመጣ በበረዶ ላይ መንገድ ትመራለች። በረዶ ስታነብ ሌላው ሰው ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል፤ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም “ኤዲያ!” ብላ ታልፈዋለች። ነገር ግን ባንዲራው በተነቀለ ዓመት ስሟ ጎድፎ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሚያዝያ ላይ “ይህ በረዶ ሳምንት አይሞላውም፣ ይሰበራል” ብላ አንድ ሙሉ ጓድ ወታደር ከመንገድ አስመለሰች። በረዶው እስከ ሰኔ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ስሟ ሰኔ ሆነ። ሱቅ ስትገባ ልጅ አዋቂው “ሰኔ፣ ወለሉ ይችለናል?” ይላታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ቤቷ ገብታ ግን በሩን ትዘጋለች።

ሁለቱ አገሮች ለዘመናት “ይህ ባሕር የኔ ነው”፣ “ያቺ ደሴት የኔ ናት” ሲባባሉ ኖረው በመጨረሻ ታርቀዋል። ዕርቅ ደግሞ ድግስ ይወዳል። ስለዚህ ከወዲህም ከወዲያም ወታደር መጥቶ፣ በጠባቡ ባሕር መካከል፣ በጠነከረው በረዶ ላይ ሰፍሮ ድንበሩን አብሮ እንዲጠብቅ ተደረገ። ስምንት ወታደር፣ ሁለት ሻምበል፣ ሁለት መንገድ መሪ። የእኛው ሻምበል ፎርቲየ ይባላል፣ የማዶው ሻምበል ቶርኪል። ማዕረጋቸው እኩል የሆነው በአጋጣሚ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሻለቃ ቢሆን የሌላው አገር ይቀየማል። በዚህ የተነሳ በሰፈሩ ውስጥ አዛዥ የሚባል የለም፤ “እርስዎ ይቅደሙ” ብቻ ነው ያለው።

የማዶው መንገድ መሪ ኢላንጓቅ ነው፤ ሰባ ዓመቱ፣ ዘጠኝ ውሻ፣ አራት ጥርስ። ይህ ሽማግሌ አርናሉክን “እናቴ” ነው የሚላት። እሷም “ልጄ” ትለዋለች። እናቱ የሞተች ዓመት አርናሉክ ተወለደች፣ የሟቿም ስም ወጣላት። በእኛ ዘንድ ስም የወረሰ ሰውየውንም ይወርሳል። ስለዚህ ሽማግሌው ከማዶ ከመንደሩ ከቃናቅ በመጣ ቁጥር እጅ ነስቶ ያደነውን የባሕር አውሬ ጉበት ያቀርብላታል፣ እሷም ጓንቱ ተቀዶ ካየች ትቆጣዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱ ሻምበሎች ጂፒኤሳቸውን ይዘው የባሕሩን መካከለኛ መስመር በጣት ስፋት እስኪያገኙ ተሟገቱና ሁለቱን ባንዲራዎች ጎን ለጎን ተከሉ። አርናሉክም ዘንጎቹ በነፋስ እንዳይወድቁ ግርጌያቸው ላይ የሻይ አንቡላ አፈሰሰችበት። ወዲያው ድንጋይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ከሁለቱ ዋና ከተሞች ሹማምንት በአውሮፕላን መጥተው፣ በረዶው ላይ አርፈው፣ ፎቶ ሊነሱ ቀጠሮ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ባንዲራው ከመስመሩ አርባ ሜትር ወጣ ብሎ ተገኘ። “መሣሪያው ነው” ተባባሉና ተዉት። በሦስተኛው ቀን ጧት ሁለቱ ሻምበሎች እንደገና ዘንጉ ሥር ቆሙ። አርናሉክ ማንቆርቆሪያውን ይዛ አጠገባቸው ነበረች።

ፎርቲየ ጂፒኤሱን ነቅነቅ አደረገና “ሻምበል ቶርኪል፣ መቼም የእርስዎ ከኔ ይሻላል። ምን ይላል?” አለ።

“መቶ ስልሳ ሜትር።”

“ወዴት?”

ቶርኪል ጉሮሮውን ጠረገ። “ወደ… እኛ ወገን።”

ቶርኪል በልቡ የሚለው “የፎርቲየ ጎረምሶች ባንዲራውን እየገፉ መቶ ስልሳ ሜትር ባሕር ሊወስዱብን ነው” ነበር። ፎርቲየ ደግሞ በልቡ “እነዚህ ሰዎች ራሳቸው እያንቀሳቀሱ እናገር እንደሆነ ሊፈትኑኝ ነው” ይላል። በአፋቸው ግን “ጥሩ አየር ነው”፣ “እጅግ!” ተባባሉ። ዕርቁ ገና እርጥብ ነው፤ ማን ይነካዋል?

አርናሉክ ወደ ዘንጉ ግርጌ አየች። ሌሊቱን ስስ አመዳይ ጥሏል። በዙሪያው የሰው ዱካ የለም። የቀበሮ ዱካ እንኳ የለም። የሻይ አንቡላዋ እዚያው ነው፣ ቡኒ፣ ድንጋይ፣ ምንም አልተሰነጠቀ። እንግዲህ ባንዲራውን የነካው የለም። ሳይነካ ደግሞ መቶ ስልሳ ሜትር ሄዷል።

ያን ጊዜ ገባት። ባንዲራው አልሄደም። የሄደው የቆሙበት ነው፤ ከነድንኳኑ፣ ከነውሻው፣ ከነአሥራ ሁለቱ ሰው።

ቀና ስትል ኢላንጓቅም ያንኑ አንቡላ ሲያይ አገኘችው። ዓይኑን ሰብሮ የውሻ ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ተጠጋችው።

“ልጄ፣ አንቡላውን አየኸው?”

“አየሁት እናቴ። ውሾቹም አልተኙም።”

“ታዲያ ለምን አትናገርም?”

“እናት ባለችበት? ደግሞስ በረዶው የለቀቀው ከእናንተ ዳር ነው። ሰው ቤት ገብቶ ‘ጣራችሁ ያፈሳል’ ይባላል እንዴ?”

“እኔ ብናገር እኮ ሰኔ ነኝ።”

“እሱስ ልክ ነሽ” አለ ሽማግሌው።

አያችሁ? አራት ሰው፣ አራቱም በሆዱ አንድ ነገር ይዞ፣ አራቱም አፉን በይሉኝታ ሰፍቶ። የምዕራቡ ነፋስ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ እየበረታ ነበር።

አርናሉክ ዳግመኛ መሳቂያ ላለመሆን መጀመሪያ በዓይኗ ማየት ፈለገች። የበረዶ ሞተሯን አስነስታ ወደ ምዕራብ፣ ወደ የብሱ አቅጣጫ ነዳች። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደች ዝቅ ብሎ የሚጨስ ጥቁር መስመር አየች። ውሃ ነው። ወርዳ በሆዷ ተኛችና በረዶ የምትፈትሽበትን የጦሯን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር ጋደም አደረገችበት። ልክ ደረሰ፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ጣት ጣት የምታህል ተረፈች። አንድ ትንፋሽ ወሰደች። ሁለተኛውን ስትወስድ ዘንጉ የወዲያኛውን ዳር ለቅቆ ጫፉ ውሃ ውስጥ ጠለቀ።

ሰፈር እስክትደርስ ጋዙን አልለቀቀችም።

“ስንጥቅ አለ” አለቻቸው ሻምበሎቹን። “ከየብሱ ተለይተናል። እየሰፋ ነው። አሁኑኑ እንሂድ።”

ከወታደሮቹ አንዱ “ሰኔ ገባ!” አለ። ሳቁ።

ፎርቲየ በትህትና ፈገግ አለ። “አመሰግናለሁ አርናሉክ። ነገር ግን የሳተላይቱ ካርታ በረዶው ከዳር እስከ ዳር ጠንካራ ነው ይላል።”

“የመቼ ካርታ ነው?”

“የከትናንት ወዲያ።”

“ከትናንት ወዲያማ እኔም ደኅና ነበርኩ።”

ፎርቲየ ወደ ቶርኪል ዞረ። “ሻምበል፣ የእርስዎ አስተያየት ምንድነው?”

“ስንጥቁ ያለው በእናንተ ወገን ስለሆነ፣ እኔ ጣልቃ ባልገባ…”

“ኧረ የለም! የጋራ ጉዳይ ነው።”

“እንግዲያው እርስዎ ይወስኑ።”

“እርስዎ ሳይናገሩማ አይሆንም።”

“ሹማምንቱም በመንገድ ላይ ናቸው፤ ብንጠይቃቸው…”

አርናሉክ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። እግሯ ሥር ደግሞ በረዶው እንደ አሮጌ አልጋ ሲያቃስት ይሰማታል። ማንቆርቆሪያውን ቁጭ አደረገች። ወደ ባንዲራዎቹ ሄደች። አንቡላውን በተረከዟ ሰበረችው፣ የመጀመሪያውን ዘንግ ነቀለች፣ ሁለተኛውን ነቀለች፣ ሁለቱንም ከሞተሯ ኋላ በሚጎተተው፣ ጎማ በሌለው ረጅም የእንጨት የበረዶ ጋሪ ላይ ጣለችና አስነሳች።

“ሰኔ አበደች!”

“ኧረ ባንዲራውን!”

ያን ጊዜ ኢላንጓቅ፣ ውሾቹን መቼ ጠምዶ እንደጨረሰ እግዜር ይወቀው፣ ከራሱ የውሻ ጋሪ ላይ ቆሞ በወታደሮቹ ላይ ጮኸ። “ምን ትቆማላችሁ? ባንዲራችሁን ልትሸጠው ነው! ያዟት!”

ተከተሏት። ስምንት ወታደርና ሁለት ሻምበል፣ በአምስት ሞተር፣ እየተሳደቡ። የአገር ክብር ነዋ! ለሕይወታቸው ያልተነሱት ለጨርቅ ከነፉ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ግን ስድቡ ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። የአንድ ጦር ዘንግ ያህል የነበረው እጅግ ሰፍቷል፤ ሦስት ሜትር ሊሞላው ምንም አልቀረው። ፎርቲየ ፊቱ አመድ መስሎ ራዲዮኑን አነሳና አውሮፕላኑ እንዳያርፍ፣ እንዲመለስ ተናገረ። ያችን ቃል እንኳ ማንንም ሳያማክር ተናገራት።

የአርናሉክ ጋሪ አራት ሜትር ተኩል ነው። ሁለቱን የባንዲራ ዘንግ በግራና በቀኝ አሰረችበትና ጋሪውን ውሃው ላይ ገፍታ ድልድይ አደረገችው። ባንዲራዎቹን ፈትታ ብብቷ ውስጥ ወሸቀቻቸው። ቀድማ በደረቷ እየተሳበች ተሻገረች። “አንድ በአንድ! በሆዳችሁ! ቀጥ ብሎ የሚቆም እናቱ ታልቅስለት!” ወታደሮቹ ተሳቡ። አንድ፣ ሁለት… ሲቃ ይሰማል፣ እንጨቱ ይንቋቋል። ውሾቹ ዘለሉ፤ ያልዘለሉት ዋኙ። በስምንተኛው ሰው ላይ የጋሪው ጫፍ በረዶውን የነከሰው በአንድ ስንዝር ብቻ ነበር።

ከወዲያ የቀሩት ሦስት ናቸው።

“ይቅደሙ ሻምበል” አለ ቶርኪል።

“እንግዳ እያለማ አላደርገውም” አለ ፎርቲየ።

“ኧረ በጭራሽ፣ እርስዎ…”

ኢላንጓቅ ከኋላ መጥቶ የቶርኪልን ሱሪ መቀመጫው ላይ ጨብጦ ጋሪው ላይ ወረወረው። ፎርቲየ ሊናገር አፉን ሲከፍት እሱንም አስከተለው። ሻምበሎቹ እግርና ራስ ሆነው ተሳቡ። የፎርቲየ ጉልበት ወዲህ ሲደርስ የወዲያው ጫፍ ለቀቀና ጋሪው ቦጭ ብሎ ውሃ ውስጥ ወደቀ።

ሽማግሌው ብቻውን ቀረ።

መካከላቸው ያለው ጥቁር ውሃ አምስት ሜትር ሆነ። ጋሪው መካከል ላይ ይንሳፈፋል። ከኢላንጓቅ ጀርባ ድንኳኖቹ፣ ሞተሮቹ፣ የሹማምንቱ ጠረጴዛ ከነጨርቁ፣ ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

ኢላንጓቅ ረጅሙን የውሻ ገመድ ወገቡ ላይ አሰረ። ሌላኛውን ጫፍ ጠቅልሎ ወረወረው። መጀመሪያ አጠረ። ሁለተኛም አጠረ። ሦስተኛውን አርናሉክ በደረቷ ተኝታ ክንዷ እስኪጠልቅ ዘርግታ ያዘችው። ከውሾቹ መጠመጃ ጋር ስታስር ጣቶቿ የሷ አልነበሩም፤ ቋጠሮውን በጥርሷ ነው የጨረሰችው።

“እናቴ!” አለ ከማዶ። “ቡችላዬ ‘ሂጂ’ ሲሏት አትሰማም። ጥሪያት እንጂ አትዘዣት!”

“ዝም በልና ዝለል!”

ጋሪው ላይ ዘለለ። ጋሪው ተገለበጠ። ሰውየው ጠፋ።

አርናሉክ ከውሾቹ ፊት እየሮጠች እንደ አበደች ጮኸች። ውሾቹ ሳቡ፣ ወታደሮቹ ገመዱ ላይ ወደቁ፣ ሻምበሎቹም። በመጀመሪያ ጓንት ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ፀጉር፣ ከዚያ አራቱ ጥርሶች፣ እየተንገጫገጩ። ጎትተው በረዶው ላይ ዘረጉት። አርናሉክ ጫማውን ቀድዳ አወጣች፣ እግሮቹን በሆዷ አሞቀች፣ ከብብቷ ባንዲራዎቹን ጎትታ ግራውን በአንደኛው፣ ቀኙን በሁለተኛው ጠቀለለችው። የውስጥ ልብስ የሚሏችሁ ይኸው ነው። የእግር ሹራብ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሹማምንቱ መጡ፤ በዚህ ጊዜ የብስ ላይ አረፉ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሁለት ጣቱን ያጣው ኢላንጓቅ ከፊት ተቀመጠ። ከዚህኛው አገር የመጣው ሹም ስለ ትብብር ተናገረ። ከዚያኛው የመጣው ስለ መከባበር ተናገረ፣ ከመጀመሪያውም አስረዘመ። ሁለቱ ሻምበሎች ወለሉን ያያሉ። በመጨረሻ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ለአርናሉክ ሰጣትና “እመቤቴ፣ ሥራችንን እንድናሻሽል የሚመክሩን ነገር ካለ?” አላት።

አርናሉክ መጀመሪያ ኢላንጓቅን አየች፤ ልጇ ዓይኑን ሰበረ።

“ለከርሞ ስትመጡ” አለች፣ “ከየአገራችሁ አንዳንድ ባለጌ ሰው ይዛችሁ ኑ። እኔ ዕድሜዬ ሄዷል፤ በየዓመቱ ባለጌነቱን አልችለውም።”