የእናቴ ቀሚሶች የተቆረጡበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደችበት ዓመት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሸዋ በር መናኸሪያ ሄጄ ከሚኒባስ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ሳይ እቆያለሁ፤ ቤት ስገባም ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እመላለሳለሁ። ጎረቤቶች እኔ ስደርስ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አባቴን መቼ እንደምትመጣ ስጠይቀው «ሲሻላት» ይልና አጎንብሶ የታሰረ ጫማውን እንደገና ያስራል።

ያኔ የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ አስካለ፣ እኛ ዘንድ ነበሩ። ማምሻውን መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ለኩሰው፣ የካውያውን ፍም እፍ እያሉ ተረት ሲነግሩኝ ብቻ ነበር እግሬ ጋብ የሚለው።

አንድ ምሽት የእናቴን የስፌት መኪና ገለጡት። ከአያቴ የወረደ፣ ጥቁር ቀለሙ የተላላጠ፣ በእግር የሚረገጥ መኪና ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጣጥለን ድሪቶ እንሰፋበታለን» አሉኝ። «ዐይኔ መርፌውን አያይልኝም። እኔ እረግጣለሁ፣ አንቺ ጨርቁን ትመሪያለሽ።»

እናቴ ሳትፈቅድ እንዴት የእኔ ይሆናል ብዬ አመነታሁ፤ እጄን ግን አላስችል አለው።

መጀመሪያ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ሞከርን። እትዬ ሲረግጡ የመኪናው መዘውር ወደ ኋላ ይዞርና ክሩ ይበጠሳል፤ መልሼ አስገባለሁ፣ ደግሞ ይበጠሳል። እንደምንም መሄድ ሲጀምር፣ ነፋስን አግብታ በሄደችበት ቤት ሁሉ መቀመጥ ስለተሳናት ልጅ ይተርኩልኝ ጀመር፤ ተረቱ ሲፈጥን እግራቸውም ይፈጥናል፣ የእኔም ስፌት ይጠማዘዛል።

አንሶላው ሲያልቅ ከሣጥኑ የእናቴን ቀሚሶች አወጡና መቀሱን አነሱ። እጃቸውን ያዝኳቸው።

«ስትመጣ ምን ልትለብስ ነው?»

እትዬ መቀሱን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አትመጣም፣ ልጄ። ከፋሲካ በፊት አርፋለች፤ እዚያው ቀበርናት። አባትሽ ሊነግርሽ እየፈለገ አፉ እንቢ አለው።»

አላለቀስኩም። አረንጓዴውን ቀሚስ አሸተትኩት፤ የሣጥን እንጂ የእሷ ሽታ አልነበረውም። ከዚያ «እኔ ልቁረጠው» አልኩ።

አባቴ ሲገባ ቁርጥራጩ ወለሉን ሞልቶት ነበር። በሩ ላይ ቆሞ እህቱን አያቸው።

«ነገሯት?»

«ነገርኳት።»

ኮቱን ሳያወልቅ ከጎኔ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ቁርጥራጮቹን በየቀለማቸው ይለይ ጀመር። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድሪቶ ሰፍቻለሁ፤ ዛሬም እጄ ሥራ ካልያዘ አላርፍም። የዚያን ምሽት ነገር ሳስብ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ አባቴ ነው፤ በኩራዙ ብርሃን ሰማያዊውን ከአረንጓዴው ጋር ሲደባልቅ፣ እኔም እያየሁ ሳላርመው።