ራሱን የሚነቀንቀው አትክልተኛ

«ምነው አትስቂም? ቀልድ ነው እኮ» አለኝ ፖሊሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

ቂርያት ማላኪ ከተማ ላይ እኛ መጤዎቹ የወጣነው ሰልፍ ተበትኖ፣ እጄን አስሮ ወደ መኪናው ሊያስገባኝ ሲል ነው። ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ የአንድ የድሮ አስቂኝ ፊልም ሰው አስመስሎ አሳየኝ፤ ለአለቃው ሁሉንም እሺ የሚለውን አዲስ መጤ አትክልተኛ። ፊልሙን አውቀዋለሁ። ገዴራ እኛ ቤት በየዓመቱ በበዓል ይታያል። አባቴ ጭኑን እየመታ ይስቅበት ነበር። እኔም።

የገባሁበት ክፍል ሁለት የብረት አልጋ፣ ክሎር ክሎር የሚል ወለል፣ በር የሌለው ሽንት ቤት ነበረው። አንዲት ትልቅ ሴት አንዱ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ፣ በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ላለሁት ለእኔ ብድግ አሉ። አፈርኩ። ኧረ ይቀመጡ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ቤታቸው ሰልፉ የነበረበት ሰፈር ነው፤ ሥራቸው ቤኤር ቱቪያ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሸግ። ለሰልፈኛው ውሃ ሲያድሉ ያዟቸውና ፖሊስ ገፍተሻል አሏቸው። መርማሪው ሲጠይቃቸው መሬት መሬት እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕብራይስጡ ግማሹ አልገባቸውም፤ ባዕድ ወንድን ዓይን ዓይኑን ማየት ደግሞ ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት። እየሰማሁህ ነው ማለታቸው ነበር። እሱ ግን አምናለች ብሎ ጻፈ።

አሁን ወረቀቱን ፈርመው ሊሄዱ ነው፤ ዓርብ ነው፣ ሰንበት እየገባ ነው። ከፈረሙ የወንጀል ፋይል ይከፈትባቸዋል። ፋይል ያለበትን ሰው ፋብሪካው አያቆይም። ይህን አላወቁም።

ትልቅ ሰው ተሳስተዋል አይባልም። ስለዚህ ፊልሙን አነሳሁባቸው። አወቁት። ልጆቻቸው ሲስቁ፣ ቋንቋው ሳይገባቸው፣ አብረው ይስቁ ነበር።

ተረኩላቸው። የውሃው ጎማ ከአትክልተኛው እጅ አምልጦ የአለቃውን ሚስት ከእግር እስከ ራሷ ሲያበሰብሳት፣ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። ቀጥሎ አለቃው ወረቀት ይሰጠዋል። አትክልተኛው ራሱን እየነቀነቀ ይፈርማል። የፈረመው የገዛ ቤቱን አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ላይ ነው።

ሳቃቸው ቆመ።

«በዚህ ነበር የምንስቀው?»

«በዚህ ነው፣ እናቴ።»

 «የአትክልተኛው ልጆችስ? የት አደሩ?» አሉኝ። ፊልሙ ያንን አያሳይም አልኳቸው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በቅርቡ፣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንደገና አየሁት፣ አሁንም ያስቅ እንደሆነ ብዬ። አልዋሽም፣ የጎማው ቦታ ያስቃል። ሰውየው ጎበዝ ተዋናይ ነው። ፊርማው ላይ ስደርስ ግን የሚታየው እጁ ብቻ ነው፤ ፊቱን አያሳዩትም። ልጅ ሆኜ ይህን ልብ አላልኩም። እዚያ ላይ አጠፋሁት።

ያን ዓርብ ግን፣ ፊልሙን ተርኬ እንደጨረስኩ ሴትዮዋን ጠሯቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። የሆነውን ነገሩኝ። መርማሪውን ቀና ብለው ዓይኑን አይተውታል። እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፍተው፣ «ያልገባኝን አልፈርምም፤ አስተርጓሚ አምጣ» ብለውታል። በአማርኛ ነው ያሉት። ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል። አስተርጓሚ እሑድ ነው የሚመጣው፤ እስከዚያ እዚሁ ይቆያሉ።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። የእኔም ወረቀት ያው ነበር፤ ፖሊስ ገፍቻለሁ ይላል። ማንንም አልገፋሁም። ዕብራይስጡን አንድ ቃል ሳልዘል አነበብኩት። ካልፈረምኩ ሰንበትን እዚያው ነኝ። ፈረምኩ።

ጃኬቴን ላመጣ ተመለስኩ።

«ለቀቁሽ?»

«ቤሰደር፣ ደህና ነው፣ ለቀቁኝ።»

ስለ ወረቀቱ አልጠየቁኝም። ተነስተው የተጣጠፈ ኮሌታዬን አቃኑልኝ።

«ያላ፣ ሂጂ ልጄ። ሰንበት ሳይገባ ድረሽ።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ወጣሁ።